ዓለምን የምናይበት ዓይን፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰው በተፈጥሮው ደግ ነው ወይስ ክፉ? ጥረት ያዋጣል ወይስ ሁሉም ዕድል ነው? ገንዘብ ለምን ይፈለጋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ቁጭ ብለን መልስ አልጻፍን ይሆናል። ግን በየቀኑ እንመልሳቸዋለን። ለማን እንደምናበድር፣ ልጃችን ሲያጠፋ ምን እንደምንለው፣ በማን እንደምንተማመን የሚወስነው ይሄው ያልተጻፈ መልስ ነው። የዓለም እይታ የሚባለውም ይኸው ነው። ጉዳዩ ሕይወታችንን ሁሉ ስለሚነካ፣ ደጋግመን የምንሳሳትባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ማየት ተገቢ ነው።

"እኔ እውነታውን ነው የማየው" ማለት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ይመስለኛል። ሌላው ሰው አመለካከት አለው፣ እኔ ግን ያለውን እንዳለ ነው የማየው ብሎ ማመን።

እ.ኤ.አ. በ1951 አሜሪካ ውስጥ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲና የዳርትማውዝ ኮሌጅ ተማሪዎች በአሜሪካ እግር ኳስ ተጋጠሙ። ጨዋታው ጉልበት የበዛበት ነበር። የአንዱ ቡድን ተጫዋች አፍንጫው፣ የሌላው እግሩ ተሰበረ። አልበርት ሃስቶርፍና ሃድሊ ካንትሪል የተባሉ ተመራማሪዎች የጨዋታውን ፊልም ለሁለቱም ወገን ተማሪዎች አሳይተው ጥፋቶችን እንዲቆጥሩ ጠየቋቸው። ፊልሙ አንድ ነው። የፕሪንስተን ተማሪዎች በዳርትማውዝ ቡድን ላይ የቆጠሩት ጥፋት ግን የዳርትማውዝ ተማሪዎች ከቆጠሩት ከእጥፍ በላይ ነበር።

በሥራ ቦታም ያው ነው። አለቃ የሁለት ሠራተኞችን ሥራ ደጋግሞ ያያል እንበል። አንዷ "ጠንቃቃ ሰው ነው" ብላ ታልፈዋለች። ሌላው "አያምነኝም" ብሎ ያድራል። ሁለቱም ያዩት አንድ ነገር ነው። ልዩነቱ ከዚያ በፊት ስለ ሰው ልጅ የያዙት ግምት ላይ ነው። ከዚያ ግምት እምነት ይወለዳል፤ ከእምነቱ ደግሞ ውሳኔ። አንዷ ሄዳ ትጠይቃለች፣ ሌላው ሌላ ሥራ መፈለግ ይጀምራል። ስለዚህ "እንዴት ይሄ አይታይህም?" ከማለትዎ በፊት "እሱ ምን እያየ ነው?" ብለው ይጠይቁ። ከልብ ከጠየቁት ብዙ ክርክር እዚያው ይበርዳል።

የሚናገሩትን እሴት ከሚኖሩት ጋር ማምታታት

"ለእኔ ከሁሉ በላይ ቤተሰቤ ነው" የማይል ሰው ጥቂት ነው። እሴት ግን የሚታየው በውሳኔ ውስጥ ነው። ያለፈውን ሳምንት ይመልከቱ። ጊዜዎን የወሰደው ምንድን ነው? ገንዘብዎስ የት ሄደ? ምን ሲነካብዎት ነው ደምዎ የሚፈላው? ሦስተኛውን ጥያቄ አይዝለሉት። ሰው ሲናደድ የሚከላከለው አንድ ነገር አለ፤ ያ ነገር ክብሩ ይሁን፣ ጊዜው ይሁን፣ ፍትሕ ይሁን ቢያውቀው ራሱን የበለጠ ይረዳል።

በቃልና በተግባር መካከል ያለው ክፍተት ሁልጊዜ ወደ መጥፎው ብቻ አያዘነብልም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሪቻርድ ላፒየር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ከቻይናውያን ባልና ሚስት ጋር አገሩን ዞረ። በዚያን ዘመን በአሜሪካ በቻይናውያን ላይ የነበረው ጥላቻ ከባድ ነበር። ከገቡባቸው 251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ግን አላስተናግድም ያላቸው አንድ ብቻ ነው። ቆይቶ "ቻይናውያንን ታስተናግዳላችሁ?" ብሎ በደብዳቤ ሲጠይቅ፣ መልስ ከሰጡት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት "አናስተናግድም" አሉ። ወረቀት ላይ የከለከሉትን፣ ሰው በአካል ፊታቸው ሲቆም አላደረጉትም።

ሁሉንም ነገር በአመለካከት መፍታት

አመለካከት ትልቅ ኃይል አለው። ብቻውን ግን አይሠራም፤ ይሄ ነጥብ ሲረሳ ሰው ላይ በግፍ እንፈርዳለን።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ጥናት ልብ ይነካል። የነገረ መለኮት ተማሪዎች ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው ንግግር እንዲያደርጉ ተነገራቸው። የአንዳንዶቹ ርዕስ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነበር። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ጥግ ተዝለፍልፎ እያሳለ ያቃስታል። በቂ ጊዜ ከነበራቸው 63 በመቶው ቆመው ረዱት። "ረፍዶባችኋል፣ ቶሎ በሉ" ከተባሉት ግን የረዱት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለ ደግነት ሊናገሩ መሄዳቸው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም።

እነዚህ ሰዎች እሴት አልነበራቸውም ማለት አይቻልም። ጥድፊያው ዋጠው እንጂ። እርስዎም ደግ መሆን ከፈለጉ ደግነትን ማድነቅ ብቻ አይበቃም። ቀንዎን ጢም አድርገው አይሙሉት። በሁለት ቀጠሮ መካከል ትንሽ ክፍት ጊዜ መተው የሥነ ምግባር ጉዳይም ነው ብዬ አምናለሁ።

"ሰው ሁሉ እንደ እኔ ነው የሚያስበው" ብሎ መገመት

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊ ሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን ትልቅ ማስታወቂያ ለብሳችሁ በግቢው ትዞራላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። እሺ ያሉት ብዙ ሰው እሺ የሚል መሰላቸው። እንቢ ያሉትም ብዙ ሰው እንቢ እንደሚል ገመቱ። ለዚህ ነው "ሳልነግረውም ሊገባው ይገባ ነበር" እያልን የምንቀያየመው። የሚጠብቁትን ነገር በግልጽ ይናገሩ።

የሚደግፈንን ብቻ መሰብሰብ

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ለሰዎች 2፣ 4፣ 6 የሚሉ ቁጥሮችን ሰጥቶ የተደረደሩበትን ሕግ እንዲያገኙ ጠየቀ። ሌሎች ቁጥሮችን እያቀረቡ መሞከር ይችላሉ። ብዙዎቹ 8፣ 10፣ 12 ዓይነት ሙከራ እያደረጉ "በሁለት የሚጨምር ነው" አሉ። ሕጉ ግን እየጨመሩ የሚሄዱ ማናቸውም ሦስት ቁጥሮች የሚል ነበር። ግምታቸውን ሊያፈርስ የሚችል ቁጥር ቢሞክሩ ኖሮ ቶሎ ያገኙት ነበር።

የተፈጥሮ ሳይንቲስቱ ቻርለስ ዳርዊን ለዚህ ችግር ቀላል ልማድ ነበረው። ከሐሳቡ ጋር የሚቃረን ነገር ሲያጋጥመው ወዲያው ይጽፈው ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ከሚደግፈው ይልቅ ቶሎ እንደሚረሳ ከራሱ ልምድ አይቷል። አንድ ማስታወሻ ደብተር ይበቃል። "ሰው አይታመንም" የሚሉ ከሆነ፣ የታመነልዎትን ሰው ስም ይጻፉበት።

የተጎዳን ሰው "የእጁን ነው ያገኘው" ማለት

ዓለም ፍትሐዊ ናት ብሎ ማመን ያጽናናል። ግን ጨካኝ ሊያደርግ ይችላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሜልቪን ለርነር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ሙከራ ተመልካቾች አንዲት ሴት በኤሌክትሪክ ስትነዘር የሚያዩ መሰላቸው። ስቃይዋን ማስቆም ያልቻሉት ሴትየዋን ራሷን ማንኳሰስ ጀመሩ። የሚያምኑት ነገር ከሚያዩት ጋር ሲጋጭ ጥፋቱን ወደ ተጎጂዋ ገፉት። ወዳጅዎ ሲታመም፣ ሲከስር ወይም ሲፋታ መጀመሪያ የሚመጣልዎት ጥያቄ "ምን አጥፍቶ ነው?" ከሆነ ቆም ይበሉ። ያን ጥያቄ የወለደው ፍርሃት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ላይ አይደርስም ለማለት የሚፈልግ ፍርሃት።

እሴቶችን ያለ ቅደም ተከተል መደርደር

"ሐቀኝነት፣ ነፃነት፣ ቤተሰብ፣ ስኬት" ብሎ መዘርዘር ቀላል ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሻሎም ሽዋርትዝ እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ 10 የእሴት ዓይነቶችን በክብ ደርድሯቸዋል። ጎረቤት የሆኑት ይስማማሉ፣ ትይዩ የሆኑት ይጋጫሉ። የራስን ስኬት ማሳደድና ለሌሎች ደኅንነት መድከም ትይዩ ናቸው። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ አንዳንድ ቀን ግን አብረው አይሄዱም።

ሩቅ ቦታ ጥሩ ሥራ ተገኘ፣ ደካማ እናት ደግሞ እዚህ አሉ። "እሴቶቼን እከተላለሁ" የሚለው መልስ እዚህ ጋ ምንም አይረዳም። የሚረዳው "የትኛው ይቅደም? እስከ መቼ? ለሁለተኛው ምን እከፍላለሁ?" የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ሥራው ከመምጣቱ በፊት፣ ውሳኔው ከሚነካቸው ሰዎች ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩበት። እናትዎንም ይጠይቋቸው፤ ይፈልጋሉ ብለው ያሰቡት ነገር እሳቸው ከሚፈልጉት የተለየ ሊሆን ይችላል።