ዝናብ ሌባ አይደለም፦ ሰማይ ለማየት የሲም ካሜራ ስትተክሉ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ሜክሲኮ አካባቢ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ካሜራ እጠግናለሁ፤ ሲጠሩኝም ሄጄ እተክላለሁ። ድሮ የሚመጣልኝ ሰው ሁሉ ሌባ የሚፈራ ነበር። አሁን አሁን ዝናብ የሚፈራውም በዝቷል፦ ሆለታ ድንች የዘራ፣ ሱሉልታ ቤት እያሠራ አርማታ በሚሞላበት ቀን ሰማዩ የሚያሳስበው፣ ልደታ አንድ ሕንፃ አናት ላይ በርበሬ የሚያሰጡ የባልትና ባለሙያ። የሁሉም ፍላጎት አንድ ነው፤ «እዚህ ሆኜ የእዚያን ሰማይ ልየው።» ሲም ካርድ የሚገባበት፣ ሶላር ያለው ካሜራ ይገዛሉ፤ ዩቲዩብ አይተው ይሰቅሉታል፤ በሁለተኛው ሳምንት በፌስታል ጠቅልለው «ሞተ» ብለው ያመጡልኛል። አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም። ሌባ ጠብቅ ተብሎ ነው የተሰቀለው።

«እንቅስቃሴ ሲኖር ቅረጽ» የሚለውን እንዳለ መተው

ይህን መቶ ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ አሁንም እናገራለሁ። ካሜራው ከፋብሪካ ሲወጣ የተዘጋጀው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ነቅቶ እንዲያነሣ ነው። የሚነቃውም ፊቱ ላይ ባለችው ነጭ ጉልላት ነው፤ እሷ የምታውቀው ሙቀት ያለው ነገር ፊቷ ሲያልፍ ብቻ ነው። ሰው ያልፋል፣ ትነቃለች። ድመት ታልፋለች፣ ትነቃለች። ከእንጦጦ ጀርባ የተነሣ ጥቁር ደመና ከተማውን ሙሉ ቢሸፍን ግን ለእሷ ምንም አልተፈጠረም።

የልደታዋን እትዬ ነገር ልንገራችሁ። በመጋቢት ለፋሲካ የሚሸጥ በርበሬ አጥበው አሰጥተዋል። መርካቶ ሲወርዱ በስልካቸው እያዩ፣ የበልግ ዝናብ ሲመጣ ልጅቷን ደውለው በርበሬውን ሊያስነሡ ነው ሐሳባቸው። ካሜራውን የሰቀለላቸው የወንድማቸው ልጅ ነው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ዝናቡ ወረደ፤ ስልካቸው ላይ ምንም አልመጣም፤ በርበሬው ራሰ። በማግስቱ ካሜራውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ሚሞሪ ካርዱን ከፈትኩት። ከሺህ በላይ ፎቶ አለ። ሁሉም ላይ ፀሐይ ያጋላት ሰማያዊ ሸራ በነፋስ ስትርገበገብ ትታያለች፤ አንዳንዱ ላይ ሁለት እርግብ አለ። ባትሪው ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ሌሊት አልቋል። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ካዩ በኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ ሸራዬን ማን ይሰርቀኛል ብዬ ነው?» አሉኝ።

መፍትሔው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የእንቅስቃሴውን አጥፉትና በሰዓት ልክ እንዲያነሣ አድርጉት፤ «ታይም ላፕስ» ይለዋል። በየ30 ደቂቃው አንድ ፎቶ ይበቃል። ሒሳቡን ሥሩት፦ አንዱ ፎቶ 200 ኪሎባይት ቢሆን፣ በቀን 12 ሰዓት 24 ፎቶ፣ 5 ሜጋባይት አይሞላም። በወር 150 ሜጋባይት ገደማ። «ቪዲዮውን በቀጥታ ልየው» የሚል ሰው ግን በሴኮንድ 1 ሜጋቢት በምትሆነው ደካማ ጥራት እንኳ በሰዓት 450 ሜጋባይት ያቃጥላል። ደመና ደግሞ እንደ እግር ኳስ በቀጥታ የሚታይ ነገር አይደለም።

በእኛ ሰዓት መሙላት

የሆለታው ወጣት ይህን ምክር በትክክል ሰምቶ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ብሎ፣ «ከ1 እስከ 12» ብሎ ሞላው። ከጠዋቱ 1 እስከ ማታ 12 ማለቱ ነው። ካሜራው ግን 01:00ን የሚያውቀው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ብሎ ነው፤ 12:00 ደግሞ ቀትር ላይ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ ጨለማ እያነሣ ባትሪውን አባከነ፤ ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ አሳየ፤ ልክ ቀትር ሲሆን ተኛ። የክረምቱ ዝናብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ነው የሚመጣው። ልጁ ሐምሌን ሙሉ «ሆለታ ዘንድሮ ደረቀ» እያለ ሲያወራ ከረመ፤ አባቱ ደውለው ውኃው ድንቹን ሊወስደው ነው እስኪሉት ድረስ። 06:00 እስከ 18:00 በሉ። የሰዓት ክልሉንም +3 አድርጉ፤ ብዙዎቹ ከቻይና +8 ሆነው ስለሚመጡ በ5 ሰዓት ይቀድማሉ።

ሲሙን ስልክ ላይ ሳይሞክሩ መክተት

ሲሙን መጀመሪያ ስልካችሁ ውስጥ አስገቡት። ፒን ኮድ ካለው አጥፉት፤ ካሜራ ፒን አይጠይቃችሁም፣ ዝም ብሎ ይቆማል። ኢንተርኔት ይከፍት እንደሆነ እዩ። ጥቅሉ የሚያልቅበትን ቀን ጻፉ፤ ዳታ ተርፎ ጊዜው የሚያልፍበት ጥቅል ነው ብዙዎችን ጉድ የሚሠራቸው። ሲሙ ካሜራ ውስጥ ስለሆነ «ጥቅልዎ ሊያልቅ ነው» የሚለውን መልእክት የሚያነብ ሰው የለም።

ከአሜሪካ የተላከ ካሜራ ያላችሁ ደግሞ ከመስቀላችሁ በፊት ካርቶኑን አንብቡ። እዚህ ፎርጂ ከሚሠራባቸው የሬዲዮ ሞገዶች አንዱ 1800 ሜጋኸርዝ፣ ባንድ 3 የሚባለው ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ብዙዎቹ እሱ የላቸውም። እንዲህ ያለውን እኔም ላስተካክለው አልችልም፤ አጎታችሁን ማስቀየም ባልፈልግም።

በአይፒ አድራሻ (በኢንተርኔት ላይ ባለው ቁጥሩ) በቀጥታ ለመግባት የምትለፉም አላችሁ። የሞባይል ሲም የራሱ የሆነ፣ ከውጭ የሚደረስበት አድራሻ ብዙ ጊዜ አይሰጠውም። በአፑ ኪውአር ኮድ ግቡ፣ ወይም ካሜራው ራሱ ፎቶውን እንዲልክ አድርጉ።

ሶላሩን እንደ አውሮፓ ማጋደል

ይህ የእኔ ነው። የመጀመሪያ ካሜራዬን ስሰቅል አንድ ጀርመናዊ ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት ሶላሩን ወደ ደቡብ 45 ዲግሪ አጋደልኩት። ታኅሣሥ ላይ ግሩም ነበር። ሰኔ ላይ ባትሪው እየወረደ ሄደ፤ ባትሪ ቀየርኩ፤ ሻጩን ሰደብኩ። አንድ ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ጣሪያው ላይ ቆሜ ጥላዬን አየሁት፤ አጭር ሆኖ ወደ ደቡብ ወድቋል። ፀሐይዋ ከጀርባዬ፣ በሰሜን በኩል ናት! አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜናችን በኩል ነው የምታልፈው። የእኔ ሶላር ሰኔ ቀትር ላይ በቀጥታ ከሚመጣው ብርሃን ግማሽ ያህሉን ያጣ ነበር፤ ያውም ደመናው ራሱ ከሚያስቀርብን ሌላ። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃል፤ አቧራውንና የእርግብ ኩሱን ዝናቡ እንዲያጥብ ያህል ብቻ። ሻጩን በኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ሰማዩን ብቻ ማሳየት

«የአየር ሁኔታ ነው» ብለው ካሜራውን ወደ ላይ ያንጋጥጡታል። ፎቶው ግራጫ ይሆናል። ግራጫ ምን ይነግራችኋል? የምታውቁት ነገር ፎቶው ውስጥ ይኑር፤ ቅርብ፣ መካከለኛና ሩቅ። ለመሀል ከተማ ሰው ሰሜን ጥሩ ነው፤ ፀሐይ ሌንሱን ፊት ለፊት አትመታውም፣ እንጦጦም እዚያው አለ። እንጦጦ ጥርት ካለ ጊዜ አላችሁ። ከደበዘዘ ተዘጋጁ። ጨርሶ ከጠፋ በርበሬውን አንሡ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትም 209 ሜትር ቁመት ስላለው ጥሩ መለኪያ ነው፤ አናቱ ጉም ከዋጠው ደመናው ምን ያህል እንደወረደ ታውቃላችሁ።

የጎረቤት ጓሮና የቤተ መንግሥት አጥር ግን ፎቶው ውስጥ አይግባ። ጥያቄ ሲመጣ «ደመና ነው የማየው» ማለት አያዋጣም።

ቀሪዎቹ ቶሎ ቶሎ፦ ካሜራውን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትሸጉጡት፤ ቆርቆሮው ኔትወርኩን ይጋርደዋል። ከመስታወት ጀርባ አታስቀምጡት፤ ማታ የራሱ ብርሃን ተመልሶ ዓይኑን ያሳውረዋል። ኢንፍራሬዱን፣ ማታ ለማየት የሚያበራውን ብርሃን፣ አጥፉት፤ ደመናው ድረስ አይደርስም፣ ነፍሳት ይጠራል፣ ነፍሳቱ ሸረሪት ይጠራሉ፣ ጠዋት የምታዩት ድር ነው። ፎቶው ግርጌ ላይ የሚጻፈውን ሙቀት አትመኑ፤ ፀሐይ ላይ የዋለ የፕላስቲክ ሳጥን ሙቀት ነው። ሆለታና ሱሉልታ ላላችሁ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባደረበት ጠዋት የቀዘቀዘ ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች ሳለ ቻርጅ ከተደረገ ይጎዳል፤ ባትሪውን ነፋስ የማያገኘው ቦታ አድርጉት። ገመዱ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ እንደገና ወደ ላይ ይውጣ፤ ውኃው ማጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል፣ ወደ ውስጥ አይከተለውም። ሲሊኮን ለብቻው አያድናችሁም።

የልደታዋ እትዬ ካሜራ አሁን ወደ ሰሜን ያያል፤ በየሃያ ደቂቃው እንዲያነሣ አድርገውታል፤ ሠላሳው ረዝሞባቸው። በቀደም መርካቶ ቅመም ተራ ሆነው ደወሉልኝ። ካሜራው ተበላሸ ብዬ ደንግጬ አነሣሁ። «እንጦጦ ጠፋብኝ፤ ልጅቷ ስልክ አታነሣም፤ አንተ ቅርብ ነህ፣ ሩጥ!» በርበሬው ግማሹ ተርፏል።