ትኩስ ሽሮ ጣርማበር ላይ

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማበር ወይም ወደ አንኮበር ከልጆች ጋር ለምትወጡ። ጣርማበር ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ነፋሱ ቡታጋዝ አያስለኩስም። ይዛችሁት የሄዳችሁት ሽሮም እስክትደርሱ ቅቤው ከላይ ይረጋና ልጆቹ አንዴ ጎርሰው ይተዉታል።

መላው ይኸውላችሁ። ወጡን ከቤት ልትወጡ ስትሉ እየተንተከተከ አውርዱት። ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ በፎጣ እሰሩት። ድስቱን በጋዜጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅልሉት፣ ከዚያ በጋቢ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍናችሁ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። የደብረ ብርሃን የሱፍ ብርድ ልብስ ካላችሁማ ከዚያ የተሻለ የለም። ከሥሩም ማንጠፍ አትርሱ፤ ቀዝቃዛው የመኪና ወለል ሙቀቱን ይመጠዋል።

ጨርቁ በራሱ አያሞቅም። በጋዜጣውና በሱፉ መሃል የተያዘው አየር ነው ሙቀቱ እንዳይወጣ የሚያግደው። ለዚህ ነው ላላ አድርጎ መጠቅለል የሚሻለው። ድስቱም ሙሉ ይሁን፤ ግማሽ ድስት ቶሎ ይቀዘቅዛል። እኛ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስንከፍተው እንፋሎቱ ፊታችን ላይ ቦለል አለ። ልጆቹ እንጀራውን እየቆረሱ ድስቱን ከበቡት።

ሥጋ ወይም ወተት ያለበትን ምግብ ግን በዚህ መንገድ ከጠዋት እስከ ማታ አታቆዩ። ለብ ብሎ የሚቆይ ምግብ ቶሎ ይበላሻል። ስትከፍቱት ትኩስ ሳይሆን ለብ ያለ ብቻ ከሆነ፣ ለልጆች አትስጡት።