የማዕድን ፍለጋ ቁፋሮ እንዴት ይካሄዳል? ከጂኦፊዚክስ ልኬት እስከ ኮር ሳጥን

የጂኦፊዚክስ መሣሪያ ወርቅንም መዳብንም በቀጥታ አያይም። የሚለካው የአለቱን ጠባይ ነው፦ መግነጢሳዊነቱን፣ እፍጋቱን፣ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታውን። ይህን የዘነጋ ሰው በካርታው ላይ የቀላውን ቦታ ሁሉ ማዕድን አድርጎ ያየዋል፤ ገንዘቡንም ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብራል።

መጀመሪያ የሥነ ምድር ካርታውንና የአፈር ናሙናዎችን ውጤት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ማዕድን ይዟል ተብሎ የተጠረጠረው አለት የሚዘልቅበትን አቅጣጫ ለይተው የልኬት መስመሮቹ እሱን አቋርጠው እንዲያልፉ ያስምሩ። በመስመሮች መካከል 100 ሜትር፣ በነጥቦች መካከል 25 ሜትር መተው የተለመደ ነው፤ የሚፈለገው አካል ቀጭን ከሆነ ግን ያጥብቡት።

ቀጥሎ ማግኔቶሜትር (መግነጢሳዊ መስክን የሚለካ መሣሪያ) ይዘው መስመሮቹን ይሂዱባቸው። ተሸካሚው ስልኩን፣ ቢላውንና ዘለበት ያለውን ቀበቶውን ትቶ ይውጣ፤ ትንሽ ብረት እንኳ ንባቡን ያዛባል። የምድር መግነጢሳዊ መስክ በቀን ውስጥ ስለሚዋዥቅ፣ ሌላ ማግኔቶሜትር አንድ ቦታ ተተክሎ ለውጡን ይመዝግብ፤ በኋላ ከልኬቱ ላይ ይቀነሳል።

ሰልፋይድ (ብረታ ብረት ከድኝ ጋር የተዋሃደበት ማዕድን) ከተጠረጠረ በኤሌክትሮዶች አማካይነት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይላኩ፤ ፍሰቱ ሲቋረጥ ቮልቴጁ እንዴት እየከሰመ እንደሚሄድ ይለኩ። የተበተኑ የሰልፋይድ ቅንጣቶች ባሉበት ቶሎ አይከስምም። ግራፋይትም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚሰጥ በአንድ ዘዴ ብቻ ተማምነው የቁፋሮ ማሽን አይጥሩ።

አሁን የጉድጓዱን ማዘንበያ ይወስኑ። አለቱ ከአግድም 60 ዲግሪ አዘንብሎ ሳለ ቀጥ ብለው ወደ ታች ቢቆፍሩ፣ 10 ሜትር ማዕድን አገኘሁ ያሉት እውነተኛ ውፍረቱ 5 ሜትር ብቻ ነው። በተቻለ መጠን አለቱን በ90 ዲግሪ የሚያቋርጠውን አቅጣጫ ይምረጡ። ጉድጓዱም በጥልቀት ሲሄድ ስለሚጣመም አቅጣጫውን በየ30 ሜትሩ ይለኩ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ኮሩ ነው፤ ማሽኑ ቆርጦ የሚያወጣው በትር መሰል ድንጋይ። ለልፋቱ ሁሉ ማስረጃው እሱ ስለሆነ እንደ ተራ ድንጋይ ሲወረወር ማየት ያንገበግበኛል። ከቱቦው እንደወጣ ታጥቦ፣ መጽሐፍ እንደሚነበብ ከግራ ወደ ቀኝ በሳጥኑ ቦዮች ይደረደራል፤ ኮሩን ለማውጣት ቁፋሮው በቆመበት ሁሉ ጥልቀቱ የተጻፈበት እንጨት ይገባል። አንድ ቁራጭ በጥድፊያ ከተገለበጠ የስንጥቆቹ አቅጣጫ ይጠፋል። 3 ሜትር ተቆፍሮ 2.7 ሜትር ኮር ከወጣ የተገኘው 90 በመቶ ነው፤ የጎደለውንም ይመዝግቡ፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የላሸቀው ክፍል ነውና፤ ማዕድኑም እዚያው ሊሆን ይችላል።

ኮሩን እርጥብም ደረቅም ሆኖ ፎቶ ያንሱት፣ የአለቱን ዓይነት ይጻፉ፣ ከዚያ በአልማዝ መጋዝ ለሁለት ይሰንጥቁት። አንዱ ግማሽ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ሌላው በሳጥኑ ይቀራል። በናሙናዎቹ መካከል ይዘቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙናና ማዕድን የሌለበት ድንጋይ ያስገቡ፤ የላቦራቶሪው ስህተት የሚጋለጠው በእነዚህ ነው።

ጉድጓዱን ደፍነው የቁፋሮው ጭቃ የተጠራቀመበትን ገንዳ በአፈር ከሞሉ በኋላ ውጤቱን ከልኬቱ ጋር ያስተያዩ። ማግኔቶሜትሩን ያናወጠው ማግኔታይት (መግነጢሳዊ የብረት ማዕድን) ኮሩ ላይ ከታየ ምልክቱ ተፈትቷል። ምንም ካልታየ ግን ጉድጓዱ ዒላማውን ስቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ቦታውን ባዶ ነው ብለው ከመተው በፊት የአቅጣጫ መዝገቡን እንደገና ይመርምሩ።