የፕሪንት ሥራን ከኮድ እንዴት መሰረዝ ይቻላል (ዊንዶውስ ላይ፣ በፓይተን)

ፕሪንት ቤት ያለው ወዳጄ ነው ያስጀመረኝ። «ደንበኛ ሐሳቡን ሲቀይር ከወረፋው የሱን ብቻ የማወጣበት ነገር ሥራልኝ» አለኝ። የአንድ ማታ ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። መሰረዙ ራሱ እኮ አንድ መስመር ኮድ ነው። የሚያለፋው የትኛው እንደሚሰረዝ ማወቅና በትክክል መሰረዙን ማረጋገጥ ነው።

መጀመሪያ ፓይዊን32ን (pywin32፣ ፓይተን ዊንዶውስን እንዲያዝ የሚያስችል ጥቅል) ጫኑ። ውስጡ ዊን32ፕሪንት የሚባል ሞጁል አለ። ኦፕንፕሪንተር በሚለው ፕሪንተሩን በስሙ ክፈቱ፣ ስትጨርሱ ክሎዝፕሪንተር ብላችሁ ዝጉ።

ቀጥሎ የሥራውን ቁጥር ያዙ። ሰነዱን የላከው የራሳችሁ ፕሮግራም ከሆነ ስታርትዶክፕሪንተር ቁጥሩን ይመልስላችኋል፤ እዚያው አስቀምጡት። ከሌላ ፕሮግራም የመጣ ከሆነ ግን ኢነምጆብስ ወረፋውን ይዘረዝራል፦ ቁጥር፣ የሰነድ ስም፣ የላከው ሰው፣ የገጽ ብዛት። በሰነድ ስም ፈልጋችሁ በጭራሽ አትሰርዙ። በምረቃ ሰሞን የሁሉም ፋይል ስም «ፋይናል» ነው። ዝርዝሩን ስክሪን ላይ አውጡትና ሰው ይምረጥ።

ከዚያ ወረፋ ላይ ላለ ሥራ ትዕዛዝ የሚሰጠው ሴትጆብ። ፕሪንተሩን፣ የሥራውን ቁጥር፣ ዜሮ፣ ኖን (None)፣ በመጨረሻ ትዕዛዙን ትሰጡታላችሁ። ትዕዛዙ «ዲሊት» ነው፣ ቁጥሩ 5። «ካንስል» የሚል 3 ቁጥርም አለ፤ ስሙ ያታልላል፣ ማይክሮሶፍት ራሱ አትጠቀሙበት ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ፕሮግራሜ ሴትጆብን አልተጠቀመም ነበር። ሴትፕሪንተር ላይ «ፐርጅ» የሚል ትዕዛዝ አገኘሁና አቋራጭ መሰለኝ። ቤት ስሞክረው ወረፋው ውስጥ አንድ ሰነድ ብቻ ስለነበር ጥሩ ሠራ። ፕሪንት ቤቱ ውስጥ ግን አንዴ ሲጫን የሦስት ደንበኛ ሥራ አብሮ ጠፋ። አንዷ በዚያው ቀን መመረቂያ ጽሑፏን የምታስገባ ተማሪ ነበረች። ፐርጅ ወረፋውን በሙሉ ነው የሚያጸዳው። የብዙ ሰው ሥራ ያለበት ቦታ እንዳትነኩት።

አሁን ወደ ከባዱ። ሴትጆብ ያለ ስህተት ተመለሰ ማለት ትዕዛዙ ተቀባይነት አገኘ ማለት እንጂ ማተሙ ቆመ ማለት አይደለም። ፕሪንተሩ ማተም ጀምሮ ከሆነ ሥራው ወረፋው ላይ «በመሰረዝ ላይ» እያለ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በየሰከንዱ ኢነምጆብስን መልሳችሁ ጥሩና ቁጥሩ ከዝርዝሩ እስኪጠፋ ጠብቁ። «ተሰርዟል» የሚለውን መልእክት ያኔ ነው ማሳየት ያለባችሁ። ገደብም አብጁለት፤ እኔ 30 ሰከንድ ሰጥቼዋለሁ።

ኢነምጆብስ በቁጥር የሚሰጣችሁን የሥራውን ሁኔታ ስታነቡም ተጠንቀቁ። መሰረዝ ላይ 4 ነው፣ ማተም ላይ 16። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲሆኑ 20 ይመጣል። የኔ ኮድ «ሁኔታው 4 ነው ወይ?» ብሎ ነበር የሚጠይቀው፤ 20 ሲመጣለት እየተሰረዘ ያለውን ሥራ ጭራሽ አላየውም። በእኩል ይሆናል ምልክት አታወዳድሩ፤ በ«&» ምልክቷ 4 ውስጡ መኖሩን ፈትሹ።

የሌላ ሰው ሥራ ስትሰርዙ ስህተት 5 ከመጣ ፈቃድ የላችሁም ማለት ነው። የፕሪንተሩ ሴኪዩሪቲ ገጽ ላይ ሰነዶችን የማስተዳደር ፈቃድ ይሰጣችሁ።

30 ሰከንድ አልፎም ካልጠፋ ብዙዎች ስፑለሩን (ወረፋውን የሚያስተናግደውን የዊንዶውስ አገልግሎት) አጥፍተው ሥራዎቹ የሚቀመጡበትን የስፑል ፎልደር ያጸዳሉ። ይሠራል፤ ግን እሱም የሁሉንም ወረፋ ይዞ ይሄዳል። እኔ ፕሮግራሙ ውስጥ አላስገባሁትም። በምትኩ «ፕሪንተሩ ላይ ያለውን የማቆሚያ ቁልፍ ይጫኑ» የሚል መልእክት አወጣለሁ፤ ፕሪንተሩ ሜሞሪ ውስጥ የገባውን ገጽ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ መልሶ ማውጣት አይችልምና።