ብርድ ጣት አይመርጥም

ደሴ ብርድ አታጣም። ቀኝ እጄ ሌሊት ሌሊት ሲደነዝዝ ጎረቤቶቼ «ብርድ መቶሽ ነው» አሉኝ፣ አመንኳቸው። ሁለት ክረምት ቅቤ ስቀባ፣ በጨርቅ ስጠቀልል ከረምኩ። አንድ ቀን መሶብ ስሰፋ ወስፌው ሳይታወቀኝ ከእጄ ወደቀ፤ ያን ጊዜ ነው ሐኪም ዘንድ የሄድኩት። ብርድ ሳይሆን አንጓዬ ውስጥ የተጨነቀ ነርቭ ሆኖ ተገኘ፤ ሐኪሞች ካርፓል ተነል ይሉታል። እንደ እኔ ስንደዶና አክርማ ይዛችሁ የምትውሉ፣ ሊጥ የምታቦኩ፣ ልብስ የምታጥቡ እህቶቼ እንደ እኔ እንዳትዘገዩ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ትንሿን ጣት እዩ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት እኩሌታ እየደነዘዙ ትንሿ ደህና ከሆነች ብርድ ነው አትበሉ። በእጅ አንጓ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለች፤ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጣበው ያልፉባታል። ቦታው ሲያብጥ የሚጨፈለቀው ነርቩ ነው። ትንሿ ጣት ስሜቷን የምታገኘው ከሌላ ነርቭ ነው፣ እሱ በዚያች መተላለፊያ አያልፍም። የሁለት እጆቻችሁን ጀርባ አጋጥሙና ጣቶቻችሁን ቁልቁል አድርጋችሁ አንጓችሁን 60 ሰከንድ አጥፉ። ጣታችሁን መውረር ከጀመራችሁ ነርቩ ተጨንቋል የሚለው ጥርጣሬ ይጠነክራል። ሌሊት ነቅታችሁ እጃችሁን ስታራግፉ የሚለቃችሁ ከሆነም እንዲሁ።

እኔን ከሁሉ በላይ የረዳኝ የሌሊቱ ድጋፍ ነው። ስንተኛ አንጓችን ይታጠፋል፣ ነርቩም ሌሊቱን ሙሉ እንደታነቀ ያድራል። ፋርማሲ የሚሸጠውን የአንጓ ድጋፍ ግዙ። ካጣችሁ ለስላሳ ጠፍጣፋ እንጨት በጥጥ ሸፍናችሁ ከመዳፍ እስከ ክንድ እኩሌታ በውስጥ በኩል አድርጉና በሻሽ ጠምጥሙት። አንጓው ቀጥ ይበል፣ ጣቶች ነፃ ይሁኑ፣ አታጥብቁት። በሁለት ሌሊት ለውጥ አትጠብቁ፤ እኔ 6 ሳምንት ሳላቋርጥ አሰርኩ።

ሥራውን መተው አልቻልኩም፣ አያያዜን ግን ለወጥኩ። የወስፌዬን እጀታ በጨርቅ ጠቅልዬ አወፈርኩት፤ ቀጭን ነገር ቆንጥጦ መያዝ ጣትን ያደክማል። ሣሩ በደንብ ካልራሰ አልሰፋም፣ ደረቁን ለመውጋት የማወጣው ጉልበት አንጓዬ ላይ ያርፍ ነበር። አንድ ዙር ስጨርስ ወስፌውን አስቀምጣለሁ። ብርድ ልብስ አልጨምቅም፣ እየተንጠባጠበ አሰጣዋለሁ። ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ በረካ እጄን አሳርፋለሁ፤ ዘነዘናውን ልጄ ይዞልኛል።

ወጌሻ ዘንድ ሄጄ አሳሽቼም ነበር። አንጓዬን ጎትቶ ሲጫነው ሕመሙ ለሳምንት ባሰብኝ። የተሰበረ አጥንት የለም፣ የተጨነቀ ነርቭ ነው፤ በኃይል አታስጫኑት።

ነፍሰ ጡር ለሆነች ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይለቃል፣ እስከዚያው ድጋፉን ትሰር። የስኳር ሕመም ወይም የእንቅርት ዕጢ ችግር ያለባችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፣ ሁለቱም ሊያመጡት ይችላሉና። መደንዘዙ ቀን ከሌት ካልለቀቀ፣ ዕቃ ከእጃችሁ ከወደቀ፣ ከአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሟሸሸ ግን ድጋፍ እያሰራችሁ አትጠብቁ። አብሽሩ፣ ሁሉም ሰው ቀዶ ጥገና አይደርስበትም፤ በመርፌ የሚሻለው አለ። ቀዶ ጥገና ካስፈለገም መተላለፊያዋን የሚያጠብበውን ማሰሪያ ቆርጦ ነርቩን ማላቀቅ ነው። ሥጋው ከሟሸሸ በኋላ ግን ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። የኔ አውራ ጣት ዛሬም የማሰሮ ክዳን አጥብቆ አይዝም።