ከቴሌግራም እስከ አስፋልት፦ አንባቢው በእግሩ የሚከተለው አስፈሪ ታሪክ እንዴት ይሰራል?

ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ከላይ ቤት የሚወቀጥ ሙቀጫ ያውቃል። የእኛ ታሪክ ተከራይ ግን የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእሷ በላይ ጣሪያ ብቻ ነው ያለው። ሙቀጫው ግን ሌሊት ሌሊት ይወቀጣል።

ይሄ በአጭር ልብ ወለድ ቢጻፍም ያስፈራል። ተከራይዋ ራሷ ቀድታ ቻናሏ ላይ የለቀቀችው ድምፅ ሆኖ ስልካችን ላይ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ከዚያ አልፎ ፍንጩ ከቤት ሲያስወጣንማ ታሪኩ ውስጥ ገባን ማለት ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ አንድ የቪዲዮ ጌም ለማስተዋወቅ እንዲህ ያለ ታሪክ ተሰርቶ ነበር። ድረ ገጽ ላይ የቦታ መጠቆሚያ ቁጥርና ሰዓት ይወጣል። ሰዎች እዚያ ሄደው የመንገድ ስልክ ሲጠራ ያነሳሉ፣ የታሪኩ ድምፅ ያናግራቸዋል። አዲስ አበባ ላይ ለመስራት አንድ ቻናል፣ ጥቂት ጓደኛና የተባበረ ጀበና ቡና ይበቃል።

መጀመሪያ፣ ማን እንደሚፈራ ወስኑ

የሚፈራው የፈቀደ ሰው ብቻ ነው። ከዚህ ፍንክች አትበሉ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2007 ቦስተን ከተማ ውስጥ ለአንድ የካርቱን ፕሮግራም ማስታወቂያ የተሰቀሉ ባለ መብራት ሰሌዳዎች ቦምብ መሰሉ። መንገድና ድልድይ ተዘጋ፣ ኩባንያዎቹም 2 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ። ስለዚህ መንገድ ላይ ባለቤት የሌለው ሳጥን፣ ቦርሳ ወይም ሽቦ ያለው ነገር በጭራሽ አታስቀምጡ። ቤተ መንግሥት፣ ካምፕና ኤምባሲ አካባቢም ዝር አትበሉ።

ተሳታፊዎች 18 ዓመት የሞላቸው ይሁኑ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ሁለት የ12 ዓመት ልጆች ኢንተርኔት ላይ የተፈጠረ አስፈሪ ገጸ ባህሪ እውነት መስሏቸው ጓደኛቸውን 19 ጊዜ በቢላ ወግተዋታል። በሕይወት መትረፏ ተአምር ነው። የቻናሉ መግለጫ ላይ «ይህ ፈጠራ ነው» ብላችሁ ጻፉ። አይዟችሁ፣ ፍርሃቱን አይቀንሰውም። ሰው ልብ ወለድ መሆኑን እያወቀም ኮሪደሩ ሲጨልምበት ይሮጣል።

በተለይ የሐሰት «አፋልጉኝ» አትለጥፉ። ልጇን የምትፈልግ እናት በዚያው ስልክ ላይ አለች። የእናንተን ጨዋታ ያየ ሰው ነገ የእሷን ማስታወቂያ አያምንም። ቡዳንም ተዉት። በዚህ ስም ሸክላ ሰሪዎች፣ ቀጥቃጮችና ቤተ እስራኤላውያን ሲገለሉና ሲጎዱ ኖረዋል። የስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልትና የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ደግሞ የእውነተኛ ሙታን ቦታ ናቸው፣ የጨዋታ ፍንጭ አይቀመጥባቸውም።

ታሪኩን ጳጉሜ ላይ ዘርጉት

ጳጉሜን የመረጥኩት ቀን ስለሚጎድላት ነው። ስድስተኛው ቀን የሚመጣው በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። ዘመነ ሉቃስ ያልሆነ ዓመት ምረጡና ታሪኩን ከጳጉሜ 1 እስከ 5 አስኪዱት። መስከረም 1 ጠዋት ሁሉም ሰው «እንኳን አደረሳችሁ» ሲባባል ተከራይዋ ቻናሏ ላይ «ጳጉሜ 6» ብላ ትጽፋለች። እሷ አልተሻገረችም። ምክንያቱን አታብራሩ።

ከዚያ በፊት ያሉት ቀናት ተራ መሆን አለባቸው። የመጀመሪያው ቀን ስለ ውሃ መጥፋትና ስለ አከራዩ ትጻፍ። ማታ ላይ አንድ አጭር ድምፅ ትልቀቅ። ሙቀጫውን በደንብ ቅዱት፦ አንድ ሰው ደረጃው ላይ ይውቀጥ፣ ስልኩን በጋቢ ጠቅልላችሁ ከተዘጋ በር ጀርባ አስቀምጡት። ያኔ ድምፁ ታፍኖ ከኮንክሪት ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። በሦስተኛው ቀን ቅጂ ላይ ተከራይዋ ትናገር። ስትናገር ውቀጣው ያቆማል። ዝም ስትል ይቀጥላል። እሷን የሚሰማ ሌላም ጆሮ እንዳለ አንባቢው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ የታሪኩ ልብ ይህ ቅጂ ነው። ከደም ሥዕል ሁሉ ይበልጣል።

ቻናሉና ቦቱ

ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ተጭናችሁ ስትቆዩ መልእክት በቀጠሮ መላክ ይቻላል። ሙቀጫው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንዲወጣ ቀጠሮ ስጡትና ተኙ። የተሳታፊው ስልክ ሳይጮህ መላክም ስለሚቻል እሱን ተጠቀሙ፤ ተሳታፊውን ከእንቅልፉ መቀስቀስ ፍርሃት ሳይሆን ብስጭት ነው። ጠዋት ሲከፍተው ሰዓቱን ራሱ ያያል።

ተሳታፊው ከተከራይዋ ጋር የሚያወራበት ቦት (በራሱ የሚመልስ አካውንት) ቦትፋዘር በተባለው የቴሌግራም ቦት መክፈቻ በኩል ይከፈታል፣ መልሶቹን ለመሙላት ግን ትንሽ ኮድ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በተለየ አካውንት ራሳችሁ ብትመልሱ ይሻላል። ስልክ ቁጥራችሁን ግን ደብቁ። ቦት አንድ ደስ የሚል ባህርይ አለው፦ ተሳታፊው «ጀምር» የሚለውን ካልነካ መጻፍ አይችልም። በሩን የሚከፍተው ራሱ ነው ማለት ነው። ይህን በታሪኩ ውስጥ አስገቡት፦ ተከራይዋ «መጀመሪያ አንኳኩ» ትበል።

ተሳታፊዎችን ስትመዘግቡ «አንተ ልበል ወይስ አንቺ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሴቷን «ሰማህ?» ካላችኋት ተረቱ እዚያው ይፈርሳል።

መንገዱ

ጳጉሜ 4 ላይ ተሳታፊው ከቤት ይወጣል። ቀድማችሁ አንዲት ቡና የምታፈላ ልጅ አነጋግሩ። ጨዋታው ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚመጣ በግልጽ ንገሯት፣ ለጊዜዋም ክፈሏት። ተሳታፊው ተከራይዋ በላከችለት ፍንጭ መሠረት መጥቶ ቡና ያዝዝና «ትናንት ጃንጥላ ረስቼ ነበር» ይላል። እሷም ምንም ሳትል ጥቁር ጃንጥላ ትሰጠዋለች። ውስጠኛው ጨርቅ ላይ በነጭ ማርከር «እዚህም ይሰማል» ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉን የሚያየው ከሥሩ የቆመው ብቻ ነው። ጳጉሜ ስለሆነ ዝናቡ የቀረውን ይሰራልናል፤ ጨርቁ ላይ ሲወርድ ሙቀጫ ይመስላል።

ጉዞው ከጠዋቱ 4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ይሁን። ሰዓቱን ስትጽፉ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» በሉ፣ አለዚያ የስልኩን 4 ሰዓት አይቶ ጎህ ሳይቀድ የሚወጣ አይጠፋም። ተሳታፊዎች ሁለት ሦስት ሆነው ይሂዱ። ማንም ሰው «ይቁም» ብሎ ከጻፈ ተከራይዋ ትጠፋና እናንተ በእውነተኛ ስማችሁ ትመልሳላችሁ።

ሞክሩት፣ ከዚያ ዝጉት

ምንም ለማያውቅ ጓደኛ ሙሉውን ስጡትና ሳትረዱት ከኋላ ተከተሉት። የተንገዳገደበትን ቦታ ሁሉ አስተካክሉ። ኔትወርክ ሊጠፋ፣ ቡና የምታፈላዋ ልጅም ያን ቀን ላትመጣ ትችላለች። ለዚህ የጃንጥላውን ውስጥ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ ሲያስፈልግ ተከራይዋ ትልከዋለች።

መስከረም 2 ላይ ግሩፕ ከፍታችሁ ማን ምን እንደሰራ ንገሯቸው። ሙቀጫውን የወቀጠውን ሰው አሳዩአቸው። ይህ ምሽት የሚያስቅ ነው፣ አታሳጥሩት። ከዚያ የመዘገባችሁትን ስምና ስልክ አጥፉ፣ የተረፉትን ጃንጥላዎች ቡና ከምታፈላዋ ልጅ ሰብስቡ። ቻናሉን ግን አታጥፉት። የሙቀጫው ድምፅ ፎርዋርድ እየተደረገ «እገሌ ኮንዶሚኒየም እውነተኛ ታሪክ» እየተባለ መዞሩ አይቀርም፤ ያኔ ሰው ምንጩን ሲፈልግ «ይህ ፈጠራ ነበር፣ አልቋል» የሚለውን ከላይ ተሰክቶ ያግኘው።