ቀስ ብሎ የሚበራና የሚጠፋ ኤልኢዲ

ለገጣፎም ሁኑ ሰበታ፣ ለዚህ ሥራ መርካቶ ከመውረዳችሁ በፊት የሰፈሩን ሬዲዮ ጠጋኝ ጠይቁ። የሚያስፈልገው 555 አይሲ (ባለ 8 እግር የጊዜ መቁጠሪያ ቺፕ)፣ ቢሲ 547 ትራንዚስተር፣ 10 ኪሎ ኦምና 220 ኦም ሬዚስተር፣ 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ አንድ ነጭ ኤልኢዲና የ9 ቮልት ኃይል ምንጭ ነው።

የአይሲውን 4ኛና 8ኛ እግር ከፖዘቲቭ፣ 1ኛውን ከኔጌቲቭ አገናኙ። 2ኛውንና 6ኛውን አጣምሩ፤ ከ3ኛው እግር ወደዚያ መገናኛ 10 ኪሎ ኦሙን፣ ከመገናኛው ወደ ኔጌቲቭ ካፓሲተሩን አስገቡ፤ ጎኑ ላይ መስመር ያለበት እግር ኔጌቲቭ ነው። 5ኛና 7ኛ ባዶ ይቅሩ። የትራንዚስተሩ ቤዝ መገናኛው ላይ፣ ኮሌክተሩ ፖዘቲቭ ላይ ይሁን፤ ኤሚተሩ በ220 ኦሙ በኩል ወደ ኤልኢዲው ረጅም እግር ይሂድ፣ አጭሩ ወደ ኔጌቲቭ።

የካፓሲተሩ ቮልቴጅ በ3 እና በ6 መካከል ሲወጣና ሲወርድ ብርሃኑ ይከተለዋል፤ አንዱ ዙር 4 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ይበልጥ ለማዝገም ካፓሲተሩን አሳድጉ እንጂ የ10 ኪሎ ኦሙን ሬዚስተር 100 ኪሎ አታድርጉት፦ ቤዙ ያችን ትንሽ ከረንት ይሻማና 6 ቮልት ሳይደርስ ብርሃኑ ባለበት ይቆማል። ቀይ ኤልኢዲ በ3 ቮልትም ስለሚፈካ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ በቀይ ከሠራችሁ ሁለት ቀይ በተከታታይ እሰሩ። የኃይል ምንጩ የራውተር አዳፕተር ከሆነ በላዩ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ፤ 12 ቮልት ላይ ነጩም አይጠፋም።